የብርጭቆው ክዳን

«ሦስት ቀን አትናገሪ» አለኝ የፋርማሲው ሰውዬ። «ማንሾካሾክም ቢሆን አይቻልም፤ እንዲያውም እሱ ይብሳል።»

ሰኞ ነበር፤ ድምፄ ሻክሮብኝ ነው የሄድኩት። ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ የአውቶቡስ ጣቢያው ድምፄን ሊቀርጽ ቀጥሮኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚያች የመስታወት ክፍል ሆኜ የአውቶቡሶችን መነሻና መድረሻ ስጠራ ኖሬያለሁ። አሁን ማሽን ሊገባ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ የሚፈልገው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ወይ የኔን፣ ወይ የከሰዓት ተረኛዋን። ያልተመረጠችው ሻንጣ ክፍል ትወርዳለች። ሻንጣ ክፍል መስኮት የለውም።

ቤት እንደገባሁ ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀደድኩና በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ፤ «እስከ ሐሙስ አታናግሩኝ። ድምፄን ማሳረፍ አለብኝ።» የወጥ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩት። እማዬ አነበበችው፣ ራሷን ነቀነቀች፣ በማግስቱም ማልዳ ሥራዋ ሄደች። ቤት የቀረነው እኔና አክስቴ ነን።

አክስቴን ቤተሰቡ «ዶክተሯ» ይላታል፤ ድሮ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ለስድስት ወር ወለል ስለወለወለች። ማንበብ አትችልም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ግን አይናገረውም። ደብዳቤ ሲመጣ «መነጽሬን የት እንደጣልኩት እንጃ፣ እስቲ አንብቢልኝ» ትላለች፤ እናነብላታለን። መነጽር ኖሯት አያውቅም። ትንሽ ልጅ ሳለሁ «የትኛው መነጽር?» ብዬ ብጠይቅ እማዬ ጭኔን ቆንጥጣኛለች።

ማክሰኞ ጠዋት አክስቴ ማርና ሎሚ በትኩስ ውሃ በጥብጣ መጣች። ብርጭቆውን የከደነችው በሩ ላይ በለጠፍኩት ወረቀቴ ነበር፤ ዝንብ እንዳይገባበት።

«ጠጪ። ሁሉንም። እስቲ አሁን ተናገሪ፣ ከፈተልሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«በራስ መነቅነቅ ምኑን አውቃለሁ? አፍ አለሽ አይደል?»

ጉሮሮዬን በጣቴ አሳየኋት፣ ከንፈሬን ገጠምኩ።

«ውይ፣ ጭራሽ ተዘጋ?» ብላ ዝንጅብል ልታፈላ ሮጠች።

ከዝንጅብሉ በኋላ በጨው ውሃ ተጉመጠመጥኩ። ከዚያ ፎጣ ተከናንቤ የፈላ ድስት ላይ አጎነበስኩ። ከፎጣው ብቅ ስል ፊቷ ፊቴ ላይ ነበር።

«አንድ፣ ሁለት በዪ እስቲ።»

መድኃኒቷ መሥራቱን የምታውቅበት መንገድ ይኼ ብቻ ነው፤ እኔን ማስለፍለፍ። ጥርሴን ነከስኩ።

ረቡዕ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ስልክ ደውላ ስታወራ ሰማኋት። «አኩርፋኛለች። ስጠይቃት ዝም። ለመንገደኛው ሁሉ በማይክራፎን ስትለፈልፍ ትውላለች፣ ለኔ ሲሆን ምላሷ ይታሰራል።»

ስልኩን ዘግታ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት በማንኪያ ይዛ ገባች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ደብተሬን አንስቼ «ነገ ፈተና አለብኝ፣ እባክሽ» ብዬ ጻፍኩና ፊቷ ያዝኩላት። ዓይኗን ጠበብ አደረገች።

«መነጽሬን እኮ...» አለች።

ደብተሩን አልጋው ላይ ወረወርኩት።

«ምን አጠፋሁ፣ ልጄ? ንገሪኛ። አንድ ቃል። ድምፅሽን ልስማው ብቻ።» ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ።

ድምፄን ሰጠኋት።

«መነጽር የለሽም» አልኩ። ቤቱን የሚሞላ ድምፅ ነበር። «ኖሮሽም አያውቅም። ማንበብ አትችዪም። በሩ ላይ አታናግሩኝ ብዬ ጽፌ፣ አንቺ ብርጭቆ ትከድኚበታለሽ!» የመጨረሻው ቃል ላይ ጉሮሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ተቀደደ። ከዚያ በኋላ የወጣው አየር ብቻ ነበር።

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

«ድምፅሽማ ደህና ነው» አለች ቀስ ብላ። ወጣች።

ሐሙስ «የስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ» ካልኩ በኋላ ድምፄ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጥ አለ። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ ሲጥታውም ጠፋ። ኃላፊው መቅጃውን አጠፋ። «አመሰግናለሁ፣ እህቴ» አለ፣ ወረቀቱን እያየ። የከሰዓት ተረኛዋ በር ላይ ከረሜላ ሰጠችኝ። ተቀበልኳት። ውጪ ወጥቼ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።

አሁን ሻንጣ ክፍል ነኝ። ቀኑን ሙሉ የከሰዓት ተረኛዋ ድምፅ ከጣሪያው ይወርድብኛል። በሻንጣ ላይ ቁጥር ለመለጠፍ መናገር አያስፈልግም። የኔ ድምፅ በስምንተኛው ቀን ተመለሰ፤ ጥርት ብሎ፣ ለማንም በማይጠቅምበት ሰዓት።

«አክስትሽን ይቅርታ ጠይቂያት» ትለኛለች እማዬ። ያልኩት ነገር የማይባል እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ዘጠኝ ዓመቴን የበላችው እሷ ናት፤ ስለዚህ አልጠይቅም።

አክስቴ አሁንም በየጠዋቱ የማርና የሎሚ ብርጭቆ የክፍሌ በር ሥር ታስቀምጣለች። ተናገሪ አትለኝም። ክዳኑ ያው ወረቀቴ ነው፤ በማር ተጣብቆ፣ ፊደሎቹ በእንፋሎት ፈዘው። ምን እንደሚል እስካሁን አልጠየቀችኝም። እኔም አላነበብኩላትም።