ቆሜ የበላሁት

ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት እንደ ሊጥ ተነፍተው አልታጠፍ ሲሉኝ ዐረብ አገር ቤቷ የምሠራላት ማዳም አይታ ዝም ያለችው ሁለት ወር ብቻ ነው። በሦስተኛው ወር የትንሹ ልጇ የወተት ብርጭቆ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። ማዳም አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሰዓዲያ፣ ኮንትራትሽ ሊያልቅ ሦስት ወር ቀርቶታል። እጅሽ ካልዳነ አላድስልሽም፤ ወደ አገርሽ ትሄጃለሽ» አለችኝ።

አገር መግባት ክፉ ሆኖ አይደለም። ኮምቦልቻ ያለችው ልጄ ሀያት ነርሲንግ ልትጨርስ ዓመት ከመንፈቅ ይቀራታል፤ የሚያስተምሯትም እነዚሁ ያበጡ ጣቶች ናቸው።

ማዳም እዚያው በምንኖርበት ሚርዲፍ ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ደሜን አስመርምሮ «ክፉ በሽታ አላገኘሁብሽም፤ ሰውነትሽ ግን ተቆጥቷል» አለ። ስኳርና ጥብስ ቀንሺ፣ ቅጠላ ቅጠልና ጥራጥሬ አብዢ፣ በእግርሽ ሂጂ፣ በቂ እንቅልፍ ተኚ፤ የሕመም ማስታገሻውንም እንደ ከረሜላ አትዋጪው አለኝ። ቀጥሎ በቀን ስንቴ እንደምበላ ጠየቀኝ። «አንዴ ብቻ፣ ማታ» አልኩት። ዋላሂ አልዋሸሁም፤ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ጉዴን ያወጣችው ጓደኛዬ ሎዛ ናት። ሎዛ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ አል ሙራቃባት ሰፈር ከሦስት ሴቶች ጋር ባንድ ክፍል ቢድ ስፔስ፣ ማለትም አልጋ ብቻ፣ ተከራይታ ትኖራለች። በእረፍት ቀኔ እነሱ ዘንድ ምሳ በላንና ሳህኑን እኔ ላንሣ ብዬ ተነሣሁ። ማጠቢያው ጋ ስደርስ ሎዛ ከኋላዬ ቆማለች።

«አንቺ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሳህን እያነሣሁ ነዋ!»

«አፍሽስ ምን እያደረገ ነው?»

አፌ የአንዷን ሩዝ እየዋጠ፣ እጄ የሌላዋን የድንች ጥብስ ይዟል። እኔ ሳላውቀው! ወሎ ያደግነው ሲሳይ መጣል ሐራም ነው እየተባልን ነው። ማዳም ቤት ደግሞ ሦስት ልጆች አሉ፤ ኬኩን ነክሰው፣ ጁሱን ቀምሰው፣ የተጠበሰውን ዶሮ ግማሹን ትተው ይነሣሉ። ቀኑን ሙሉ ከጠረጴዛ ወደ ማጠቢያ ስመላለስ ያን ሁሉ የማስገባው ወደ ሆዴ ነበር። ቆሜ የበላሁትን ምግብ ብዬ ቆጥሬው አላውቅም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

«ሲሳይ ማክበርሽ ደግ ነው» አለች ሎዛ፤ «አንቺንስ የፈጠረሽ ያው ሲሳዩን የሰጠሽ አይደለም? ሆድሽን የማዳም ቆሻሻ መጣያ ያደረግሽው አንቺው ነሽ።»

ተናድጄ በቅጡ ሳልሰናበታት ወጣሁ። ሜትሮ ባቡሩ ውስጥ ንዴቴ ሲበርድ እውነቷን እንደሆነ ገባኝ።

በማግስቱ ለልጆቹ የማወጣውን ምግብ በግማሽ ቀነስኩ፤ ያልጠገበ ይደገምለታል። ማዳም ምሳ ላይ ሳህኖቹን አይታ ፊቷ ጠቆረ። እሷ ዘንድ ሳህን ካልሞላ ቤቱ የተዋረደ ይመስላታል።

«ልጆቼን ልታስርቢ ነው? ምንድነው ሙሽኪላው?»

እንደ ወትሮዬ አንገቴን አልደፋሁም። «ማዳም፣ የሚተርፈውን ሁሉ የምጨርሰው እኔ ነኝ። እጄንም ያሳበጠው እሱ ይመስለኛል። በትንሽ በትንሹ ላውጣላቸው፤ ለራሴም የራሴን ድስት ልጣድ።»

ሳህኖቹን መልሳ አየችና «ልጆቹ ከተራቡ ኸላስ፣ ሦስት ወሩንም አልጠብቅሽም» አለች።

ልጆቹ አልተራቡም፤ ጭራሽ ሳህናቸውን መጥረግ ጀመሩ። እኔም ምስርና ጎመኔን፣ አንዳንዴም ዓሣ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ መብላት ያዝኩ። ስኳር የሞላበትን ከረክ ሻይ መተው ግን ፈተና ነበር፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ራሴን ለሁለት ሊከፍለኝ ደርሶ የበሩን እጀታ ሳይቀር ሰድቤአለሁ። ጠዋት ልጆቹን ለትምህርት ቤት አውቶቡስ ሸኝቼ ስመለስ ሰፈሩን ሁለቴ እዞራለሁ። የጎረቤት ሠራተኞች «ሰዓዲያ ምን ጠፍቷት ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። ሳቃቸው ደስ ይለኛል፤ መሄዴን ግን አልተውኩም።

በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት ፎጣ ስጨምቅ ውሃው ጥርግ ብሎ ወጣ። ጣቶቼን ጨበጥኩ፣ ዘረጋሁ፣ እንደገና ጨበጥኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ብቻዬን እልል አልኩ።

ሦስተኛው ወር ሲሞላ ሐኪሙ አዲሱን የደም ውጤት ከአሮጌው ጋር አስተያይቶ ፈገግ አለ። «ምን አድርጋ ነው?» ብሎ የጠየቀው ማዳምን ነው። እሷ አፏን ሳትከፍት በተሰባበረ ዐረብኛዬ «የምበላውን ማወቅ ጀመርኩ» አልኩት።

ቤት እንደገባን ማዳም አዲስ የሁለት ዓመት ኮንትራትና እስክሪብቶ ፊቴ አኖረች። «ያላ፣ ፈርሚ» አለች። የፊተኛውን ሳላየው ነበር የፈረምኩት። ይሄኛውን ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና፣ ቁርኣን ስቀራ በለመድኩት የዐረብኛ ፊደል፣ ከመጀመሪያው መስመር አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ማንበብ ጀመርኩ። ማዳም ቆማ ጠበቀችኝ።