የአዋላጇ ስብራት

«አዋላጇ ናት ጎትታ የሰባበረችው» አሉ አያትየው፣ የአባትየው እናት፣ የልጅ ልጃቸው በሞተ በሰዓቱ፣ እዚያው ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ። ለጥበቃው ደገሙለት፣ ለካርድ ክፍሏ ልጅ ደገሙላት፣ ቤታቸው ገብተው ለጎረቤት ሠለሱት። አፋቸው ድካም አያውቅም። ወሬው እግር አውጥቶ ሆስፒታሉን ዞሮ ወደ አዋላጇ ሲመለስ ደግሞ ወፍሮ መጣ፤ ሕፃኑ ከእጇ ወድቋል ተባለ።

አዋላጇ ለማንም መልስ አታጣም፤ ምላሷ ከእጇ አይዘገይም። ለዚህ ግን አፏን ለጎመች። ልጁ በእግሩ ነበር የመጣው። ግራ እግሩን አጥፋ ስታወጣ ጭኑ ከጣቶቿ ሥር ቀጭ ብሏል። ልጁ ጥቂት አቃስቶ ሞተ። በማግስቱ ክትባት ክፍል መድቡኝ ብላ ራሷ አመለከተች።

«ስንቱን አዋልደሽ መርፌ ልትወጊ?» አለቻት የነርሶቹ አለቃ።

«መርፌ ቢሰበርብኝ አያት የለውም።»

አስከሬኑ ይመርመር ያለችው እናትየው ናት። «ሞቶም አያርፍ?» ብለው አያትየው ቢጮሁ፣ ባልየው መሬት መሬቱን ቢያይ፣ እሷ ከአልጋዋ ቀና ብላ «ያረገዝኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ልወቅ» አለች። በቃ፣ ተመረመረ።

መርማሪው ሐኪም አዋላጇን አስጠራት። መብራቱ ላይ የሰቀለው አንድ የራጅ ፊልም ነው፤ ለትልቅ ሰው ደረት የሚሆነው ፊልም ሕፃኑን ከራስ እስከ እግር ይዞታል። የጭን አጥንቶቹ አጥረው ተጨማደዋል። የጎን አጥንቶቹ እንደ ዶቃ ክር በየቦታው አብጠዋል። የራስ ቅሉ በወጉ እንኳ አይታይም።

«እነዚህ እብጠቶች ተሰብረው የገጠሙ ናቸው» አለ። «አጥንት ለመግጠም ሳምንታት ይፈልጋል። ይሄ ልጅ ደግሞ ሰዓትም አልኖረ።»

«ሆዷ ውስጥ ነው?»

«ሆዷ ውስጥ። አጥንቱ ከሥሩ ሲሠራ ነው የተበላሸው። ደረቱ ጠቦ ሳንባው አላደገም። በቀዶ ጥገና ቢወጣም አይተርፍም ነበር።»

«ግራ ጭኑስ?» አለች፤ ድምፅዋ አነሰባት። «ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ ዶክተር።»

ጠጋ ብሎ አየው። «እሱ አዲስ ነው። ያንቺ ነው» አለ ሳያለባብስ። «ከሌሎቹ ጋር ቁጠሪው። ቁጥሩ ከጠፋብሽ ተዪው።»

ቆጠረች። ጠፋባት። ስትወጣ ቀጥ ብላ አለቃዋ ዘንድ ሄደች።

«መልሱኝ።»

«ቦታሽ ላይ ሰው ገባ እኮ! ራስሽ ነሽ የለቀቅሽው።»

ለአያትየው ውጤቱ ሲነገራቸው «ፊልሙን ያነሣው የእነሱው ሰው አይደል?» ብለው እርፍ።

ወር ቆይቶ እናትየው ክትባት ክፍል መጣች። የሚከተብ አልያዘችም። አዋላጇ የያዘችውን ሕፃን ወግታ እስክትጨርስ ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀቻት።

«እህቴ፣ ባለቤቴ ትናንት ተናገረ» አለች። «ስድስት ወር ሲሞላኝ አልትራሳውንድ ያየኝ ሐኪም እኔን ውጪ ጠብቂ ብሎ እሱን አስቀርቶት ነበር። አጥንቱ አጥሯል፣ ተጣሟል፣ አይኖርም ብሎታል። እሷ እንዳትደነግጥ ተባብለው ዝም አሉ።»

አዋላጇ ጥጡን ጣለች። «ታዲያ አያትየው ባያውቁ ነው እኔን...»

«ለእናቱማ የዚያኑ ዕለት ነግሯቸዋል።»