እርስዎ ይቅደሙ

የወተቱ መኪና ሹፌር ነገሩን የተናገረው ሳይቆጣ ነው፤ ያስፈራውም እሱ ነው። የተቆጣ ሰው ቆይቶ ይበርድለታል። ሹፌሩ ግን ከጋቢናው ቀስ ብሎ ወረደ፣ ወገቡን በሁለት እጁ ያዘ፣ መንገዱን እንደማይድን ዘመድ አየት አደረገና፣

"ከእናንተ ግቢ ስወጣ የጫንኩት ወተት ነው። አስፋልቱ ጋ ስደርስ ግን የያዝኩት ቅቤ ነው" አለ።

ፍሬን ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

"ሰኞ እመለሳለሁ። መንገዱን እንዲሁ ካገኘሁት አስፋልቱ ላይ ሆኜ ጥሩምባዬን ነፍቼ አልፋለሁ። ከዚያ ወዲያ አትጠብቂኝ።"

"ወተቱስ?"

"ድመት የላችሁም?"

ፍሬን የቤቱ ሁለተኛ ልጅ ናት። ይህን ቅጽል ያወጡላት፣ ቤተሰቡ ወደ አንድ እብደት በሙሉ ፍጥነት ሲንደረደር እግሯን የምትጭነው እሷ ብቻ ስለሆነች ነው። ላሞቹን የምታልበው እሷ፣ ትራክተሩን የምትነዳው እሷ፣ ወተት ሲጎመዝዝ የምትደፋውም እሷ። ላም ደግሞ "ዛሬ መኪና አይመጣም" ቢሏት አይገባትም፤ ጡቷ እንደሞላ በረቱ በር ላይ ቆማ ትጮሃለች። ሹፌሩ ከቀረ ላሞቹ ተራ በተራ ወደ ገበያ መነዳታቸው አይቀርም፤ ይህንንም ፍሬን ታውቀዋለች።

መንገዱ ረጅም አይደለም። ከግቢው በር ይነሳል፣ የውሃ ቱቦው የተቀበረበትን ይሻገራል፣ የጎረቤትን አጥር ታክኮ ይሄድና አስፋልቱ ላይ ይወድቃል። ግን ግማሹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ነው፤ ግማሹን ጎማ ቦርቡሮታል፤ የተረፈው ጉድጓድ ነው። ጉድጓዶቹ ከመክረማቸው የተነሳ ስም ወጥቶላቸዋል። ትልቁ "ሙሽሪት" ይባላል፤ በአክስታቸው ልጅ ሰርግ ዕለት መኪናዋን ከነሙሽራዋ የዋጠ እሱ ነበር።

እማዬ ቤተሰቡን በረንዳው ላይ ሰበሰበች።

"ትራክተር አለን። የጎደለን ከኋላው ተጎትቶ መንገድ የሚያስተካክል ነገር ነው። ሻጩን አነጋግሬዋለሁ፤ ሦስት ዓይነት ያመጣል። ቅዳሜ ሞክረን ሰኞ ጠዋት አንዱን እናስቀራለን፣ ሁለቱን ይመልሳል።"

ሦስቱ ብረቶች ቅዳሜ ማለዳ ግቢው ውስጥ ተደርድረው ሲታዩ፣ ቤተሰቡም ወዲያው በሦስት ተከፈለ።

የመጀመሪያው ምላጭ ነው፤ አንድ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ብረት፣ ሲፈልጉ ቀጥ የሚል፣ ሲፈልጉ ወደ ጎን የሚዞር። ይህን የወደዱት አጎታቸው ናቸው። አጎት የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ ዕድሜ ልካቸውን ፀጉር ቆራጭ ናቸው፤ ከምላጭ ሌላ ስለት ይኖራል ብለው አያምኑም።

ሁለተኛው ሳጥን ነው፤ ሦስት ጎኑ የተዘጋ፣ ከፊቱ አፈር የሚቦጭቁ ጥርሶች ያሉት፣ ከአንዱ ቦታ የቆረጠውን ተሸክሞ ሌላ ቦታ የሚያራግፍ። ይህ የታላቅ ወንድሟ ምርጫ ሆነ። ወንድሟ አናጺ ነው። ውሃ ልኩን እንደ እስክርቢቶ ኪሱ ውስጥ ሰክቶ ስለሚዞር ሰዉ "ውሃ ልክ" ይለዋል። ሰው ቤት ሲገባ ሰላምታውን ሳይጨርስ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጦ አረፋዋን ያያል።

ሦስተኛው ሁለት ረጃጅም ብረቶች እንደ በረዶ መንሸራተቻ ግራና ቀኝ ተዘርግተው፣ በመሃላቸው ሁለት ስለቶች የተጋደሙበት ነው። ጉብታውን ቆርጦ ስርጉዱን እየሞላ ይንሳፈፋል። እማዬ ዙሪያውን ዞረችና "አልጋ ይመስላል" አለች። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ፍርዱ እንዲህ ተወሰነ፦ ፍሬን ትጎትታለች፤ ከዚያ እማዬ አፉ ድረስ ውሃ የሞላ ባልዲ በጉልበቷ መሃል ይዛ የቤቱ ፒካፕ ኋላ ትቀመጥና ፍሬን ትነዳታለች። ውሃ ያላፈሰሰው ያሸንፋል። ውሃ ልክ በወተት ይሁን ብሎ ነበር፤ ፍሬን "በወተት አይቀለድም" ብላ አስቆመችው። ዳኛዋ ራሷ አልጋውን መውደዷን አንድም ሰው አላነሳም።

"ከበሩ እስከ ቱቦው እንሞክር። አጎቴ፣ በዕድሜ እርስዎ ይቅደሙ" አለ ውሃ ልክ፣ ከልቡ።

አጎት ተደስተው ቀደሙ። ምላጩ የተሸበሸበው መንገድ ላይ እንደ ፌንጣ ዘለለ። ትራክተሩ ሲነሳ ይነሳል፣ ሲወርድ ይወርዳል፤ ቆርቆሮው ላይ ሌላ ቆርቆሮ ሠራበት። እማዬ ከፒካፑ ስትወርድ ቀሚሷ ይንጠባጠብ ነበር፤ ባልዲውን ገልብጣ ለሁሉም አሳየች። አንድ ጠብታ የለም።

"ከእጅ አይሻል ዶማ" አለች።

ቀጥሎ ሳጥኑ ወጣ። ጥርሶቹ ያንን ሽብሽብ ቧጨሩት፣ አፈሩን እያግበሰበሱ ሄደው ሙሽሪትን አፏ ድረስ ሞሏት። ባልዲው በግማሽ ተረፈ። ውሃ ልክ ክንዱን አጣጥፎ ቆመ። በመጨረሻ አልጋው ሄደበት፤ መንገዱ እንደ አንሶላ ተዘረጋ። እማዬ ከባልዲው ትንሽ ነገር ብቻ ጎድሎ ወረደች።

"እንግዲህ ታየ" አለች፣ ምንም እንዳልጠበቀች ሆና።

አጎት ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ቆይ እትዬ። ሳሙና የቀባሁት እኔ። የላጨው እሱ። አንቺ ፎጣ ይዘሽ መጣሽና ፊቱን ጠረግሽ። ታዲያ ሰው የሚከፍለው ለፎጣው ነው?"

ፍሬን ትራክተሩ ላይ ሆና ይህን ስትሰማ እጇ መሪው ላይ ደረቀ። ልክ ናቸው። ሦስቱም የሄዱት በአንድ መንገድ ላይ፣ አንዱ ባለሰለሰው ላይ ሌላው ነው። መጨረሻ የወጣ የፈለገውን ዓይነት ብረት ቢሆን ያሸንፋል። አሞሌ ጨው ቢጎትቱም ያሸንፍ ነበር።

ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ ወደ ፊት አየች፤ ከቱቦው ወዲያ ያልተነካው መንገድ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተንጋሎ ተኝቷል። አፏን መልሳ ገጠመችው። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬን እግሯን አነሳች።

"አጎቴ እውነታቸውን ነው። ሌላ ቦታ እንደገና ይሞከር እንጂ" አለች።

ከቱቦው እስከ ጎረቤት አጥር እንዲደገም ተስማሙ። ችግሩ፣ የአጎትን ክርክር የሰማችው ፍሬን ብቻ አልነበረችም።

"አጎቴ፣ ይቅደሙ እንጂ" አለ ውሃ ልክ ጎንበስ ብሎ።

"ኧረ አይገባም ልጄ። እኔ አርጅቻለሁ፤ ለወጣት መንገድ ይለቀቃል።"

"ታላቅ እያለ ታናሽ ሲቀድም ታይቶ ያውቃል?"

"ታላቅማ እትዬ አለችልህ።"

"እኔ የቤቱ ባለቤት ነኝ" አለች እማዬ፣ "እንግዳ ቆሞ ባለቤት አይቀድምም።"

"እንግዳው ማነው? እኔ እዚህ ቤት ተወልጄ?"

"ይቅደሙ በሞቴ።"

"እኔ ልሙት አልቀድምም።"

እንዲህ ያለ ትሕትና በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ከአንድ ሳህን የመጨረሻዋን ቁራጭ በሹካ የሚሻሙ ሰዎች፣ አሁን እንደ ሽማግሌ ደጅ አንዱ ሌላውን እያስቀደመ ይሽቆጠቆጣል። ትራክተሩ ናፍጣውን እየጠጣ ያጉረመርማል። በመጨረሻ ፍሬን ዕጣ አወጣችና ለምላጩ የመጨረሻው ተራ ደረሰው።

አጎት ይህን ሲሰሙ ትራክተሩ ጎን ድረስ መጡ።

"ስሚኝ። ምላጩን ወደ ጎን አዙሪው። ከዳር ጀምረሽ አፈሩን ወደ መሃል ሳቢ፤ ስትመለሺ በዚያኛው ዳር እንዲሁ። ከመሃል ተከፍሎ ግራና ቀኝ ይተኛ። ወንድ ልጅ ሰርጉ ዕለት እንደሚያበጥረው።"

አበጠረችው። እማዬ ባልዲዋን ይዛ ሄደችበት፤ ውሃው ወደ አንድ ጎን ቢያዘነብልም አልፈሰሰም። አጎት አሸነፉ። ውሃ ልክ ግን ተንበርክኮ ኪሱ ውስጥ ያለውን አወጣና መሬቱ ላይ አጋደመው፤ አረፋዋ ወደ ዳር ሸሸች።

"ይሄ መንገድ ጎባጣ ነው። ሰው እንዴት ጎባጣ ነገር አሸነፈ ይላል?"

"ወንድም ጋሼ፣ ልክ ነህ" አለች ፍሬን፣ ፊቷ ላይ አንዲት ጡንቻ ሳታነቃንቅ። "ከአጥሩ እስከ አስፋልቱ ይደገማ።"

ተደገመ። በዚህኛው ሳጥኑ መጨረሻ ወጣ። ውሃ ልክ አሥር እርምጃ እየሄደ እየተንበረከከ መንገዱን ሁሉ ለካ፤ አረፋዋ ከመሃል ንቅንቅ አላለችም። ከመንገዱ እየተነሳ አቧራውን ሲያራግፍ እንባ ሊያመልጠው ምንም አልቀረውም።

"ይሄ ጠረጴዛ ነው" አለ። "ምሳ ይበላበታል።"

ፀሐይ ስትጠልቅ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ያልተላገ ቦታ አልነበረም። እማዬ ሦስቱም አሸንፈዋል፣ ሰኞ ይወሰናል ብላ እርጥብ ቀሚሷን ልትቀይር ገባች። ፍሬን ልቧ ቅቤ ጠጥቶ ተኛች። የትኛውም ብረት ይገዛ፣ ሹፌሩ ይመጣል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ዘነበ።

ሰኞ ሳይነጋ አልባ ስትጨርስ ጎማ ጫማዋን አጥልቃ መንገዱን ልታይ ወጣች። አልጋው በጨረሰው ላይ እዚህም እዚያም ኩሬ ተኝቷል፤ ያስኬዳል። አጎት ባበጠሩት ላይ ደግሞ ምንም የለም። ውሃው ከመሃል ተከፍሎ ግራና ቀኝ ወደ ቦዩ ወርዷል፤ መሬቱ ረጠብ ብሎ ጸንቷል። አጥሩ ጋ ደረሰችና ቆመች።

የወንድሟ ጠረጴዛ ሐይቅ ሆኗል። ሳጥኑ ግራና ቀኝ እንደ ከንፈር ያለ አፈር ትቶ ነበር፤ ዝናቡ ገብቶ መውጫ አጣ፤ ለጥ ባለ ነገር ላይ ውሃ ወዴት ይሂድ? ሁለት ዳክዬዎች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ እየዋኙ ነው። ከሐይቁ ማዶ አስፋልቱ። ሹፌሩ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው።

ወደ ቤት የተመለሰችው እየሮጠች ነው። የሞሉት የወተት ጋኖች በሩ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ሦስቱን ብረቶች አየቻቸው። ሳጥኑ ወደ ጎን አይዞርም። አልጋውም አይዞርም። የትራክተሩን ሁለት የኋላ ክንዶች ምላጩ ላይ ሰክታ፣ የላይኛውን ዘንግ ቆልፋ፣ ምላጩን ወደ ጎን አዞረችው።

ጩኸቱን ሰምተው ሦስቱም በሌሊት ልብሳቸው ወጡ። ውሃ ልክ አጥሩ ጋ ሲደርስ ዳክዬዎቹን አየ።

"ምሳቸውን እየበሉ ነው" አሉ አጎት።

ፍሬን መጀመሪያ ያንን የአፈር ከንፈር በምላጩ ጫፍ ቆረጠችው። ውሃው ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ቀዳዳውን አግኝቶ ወደ ቦዩ ተንደረደረ። እስኪጎድል ጠበቀች፤ የዚያን ያህል ያስጨነቃት ሌላ ነገር አልነበረም። ከዚያ ከዳር ወደ መሃል፣ ከዚያም በዚያኛው ዳር፤ እርጥቡ አፈር እንደ ሊጥ እየተጠቀለለ ተከተላት። ምላጩ ቅዳሜ እንደ ፌንጣ የዘለለው ደረቅ ቆርቆሮ ላይ ነበር፤ ዛሬ ግን አንዴም አልዘለለም። የመጨረሻውን ዙር ስትመለስ ጥሩምባ ሰማች።

መኪናው አስፋልቱ ዳር ቆሟል። ሹፌሩ ወረደ። ወገቡን ያዘ። አየ። ወደ መሃል ገባና በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገው። ተመልሶ ገባና መኪናው ቀስ እያለ ታጠፈ፣ የመንገዱን ጀርባ ይዞ መጣ፣ ሙሽሪትን ሳያውቃት አለፋት፣ በሩ ላይ ቆመ።

"ማነው ያበጠረው?" አለ።

አጎት በሌሊት ልብሳቸው ላይ ደረታቸውን ነፉ።

ጋኖቹ ሲጫኑ የሻጩ መኪና ከኋላ ደረሰ። "እህ፣ የትኛው ይቅር?" አለ ሻጩ።

"ምላጩ" አለች ፍሬን።

"ቅዳሜ ቆርቆሮውን የቀደደው የኔ ጥርስ እኮ ነው" አለ ውሃ ልክ፣ ድምፁ ተሰብሮ። "ያለ እሱ ምላጩ የት ይደርስ ነበር?"

"የትም። ግን ከእንግዲህ ዝናብ ሲያባራ ጠብቄ ነው የምወጣው፤ ሳሙናውን ዝናቡ ይቀባልኛል።"

"ይቺ የኔ ንግግር ናት" አሉ አጎት።

"ደግሞ የቅዳሜው ፈተና ከንቱ ነበር፣ ወንድም ጋሼ። መጨረሻ የወጣ ሁሉ ነበር የሚያሸንፈው። አውቄ ነው ዝም ያልኳችሁ።"

"እኔስ መች ጠፋኝ?" አለች እማዬ፣ የወተት ጋን ክዳን እያጠበቀች። "ቀሚሴን እስከ ማታ በውሃ ያስመታሁት መንገዱ ተሠርቶ ይለቅ ብዬ እንጂ። አልጋዬ ቢያሸንፍልኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እናንተ እርስዎ ይቅደሙ ስትባባሉ ዝናቡ ሁላችንንም አስቀድሞ መጨረሻ ወጣ። ምን ይደረጋል?"

ውሃ ልክ ውሃ ልኩን ከኪሱ አወጣ፣ አየው፣ ተመልሶ ከተተው።

የወተቱ መኪና ተጭኖ ሊወጣ ሞተሩን አስነሳ። ሻጩም ሁለቱን ብረቶች ጭኖ ሊሄድ ነው። መንገዱ ለሁለት አይበቃም፤ ሁለቱ መኪኖች በሩ ላይ ጎን ለጎን ተገጣጠሙ። ሻጩ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ፣ ከልቡ ጨዋ ሰው ነውና፣ "እለፍ፣ አንተ ቅደም" አለ።

"ኧረ እርስዎ" አለ ሹፌሩ። "እርስዎ የሩቅ ሰው ነዎት።"

"በፍጹም።"

ፍሬን ትራክተሩ ላይ ሆና ፀሐዩን አየች፣ ጋኖቹን አየች፤ መዳፏን ጥሩምባው ላይ ጫነችና አላነሳችውም።

"ወተቱ ይቅደም" አለች።