ከሦስቱ ፎቶዎች ሥር

ደሞዝ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ቀርቶታል። ሽንፋ ከተማ ካሉት የመንግሥት ቢሮዎች በአንዱ ንብረት ክፍል ሠላሳ ዓመት ሲቀመጥ ወንበር ቆጥሯል፣ አይጥ አባሯል፣ ከምስጥ ጋር ተዋግቷል፤ ከሁሉም ይልቅ የሚታወቀው ግን የመሪ ፎቶ በመስቀል ነው። ሰው በተቀየረ ቁጥር ፎቶው ተጠቅልሎ ከላይ ይመጣል፣ ደሞዝ መሰላል ይወጣል። “በእኔ እጅ ያላለፈ ሥልጣን የለም” ይል ነበር ሲቀልድ። አሁን አሁን ቀልዱ ለራሱም አይጥመውም።

ያን ቀን በምሳ ሰዓት፣ ሙቀቱ የጣራውን ቆርቆሮ ሲያንጣጣው፣ ጎረቤቱ ውባንች መጣች። ሻይ ቤት ነበራት፤ ዘግታዋለች። ጎንደር ያለችው ልጇ ሰርክአዲስ “ነይ አብረን እንኑር” እያለች ስትጨቀጭቃት ከርማ በመጨረሻ አሸንፋታለች።

“ነገ ጠዋት በሸሕዲ አድርጌ መሄዴ ነው” አለች በሩ ላይ እንደቆመች። “ታደገን ልወስደው ነው የመጣሁት።”

ደሞዝ የትኛውን ታደገ ብሎ አልጠየቀም።

ታደገ ባሏ ነው። የትራክተር ሾፌር ነበር፤ ሰርክአዲስ በሆዷ እያለች በካላዛር በሽታ ሞተባት። የቀረላት አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ለሥራ በተሻገረ ጊዜ የተነሣው፣ መዳፍ የሚያህል ጥቁርና ነጭ፣ በር በሚያህል ፍሬም መሀል ሳንቃ ላይ የተለጠፈ። ታዲያ አንድ ጊዜ ቢሮው ሊመረቅ፣ እንግዶች ነገ ይገባሉ ሲባል፣ የመሪው ፎቶ መጣ፤ ፍሬም ግን አልመጣም። በከተማው ያን የሚያህል ፍሬም የነበረው የውባንች ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። መስታወቱ የተሰበረ ቢሆንም ፍሬም ፍሬም ነው። ደሞዝ “ለሦስት ቀን” ብሎ ለምኖ ወሰደው። የታደገን ፎቶ ሊያነሣ ቢሞክር አልላቀቅ አለው፤ ሰዓትም የለ፤ ከላይ ለጠፈበት። ቆላ ነውና ዝም ብሎ የተሰቀለ ወረቀት እንደ ደረቀ ቆዳ ይጠቀለላል። ስለዚህ ሱዳናዊው ነጋዴ ሙሐመድጣሂር የሚሸጠውን የግራር ሙጫ በውሃ አሟሙቶ፣ ምንም ሳይሰስት ቀባው።

ሦስቱ ቀን አለፈ። ውባንች መጣች። “አሁን ብነቅለው ምን ይሉኛል? ሰውየው ሲቀየር እመልስልሻለሁ” አላት። ሰውየው ተቀየረ፤ አዲሱም በጥድፊያ መጣ፤ ደሞዝ በአሮጌው ላይ ለጠፈው። ደግሞ ተቀየረ፤ ደግሞ ለጠፈ። የሰፈሩ ሰው ዘመን የሚቆጥረው በዚያ ግድግዳ ነው። “በፊተኛው ፎቶ ሰሊጥ ዋጋ ነበረው፣ በሁለተኛው ወንዙ ሞልቶ ገበያውን ወሰደ” ሲባል ትሰማላችሁ። ለውባንች ግን ሦስቱም ባሏን የሸፈኑ ወረቀቶች ናቸው።

“ኃላፊው ሸሕዲ ስብሰባ ላይ ነው” አለ ደሞዝ። “ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል።”

“እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንት ፎቶ ይላጣል?”

“ቢቀደድብኝስ?”

“ይቀደድ። ያልተቀደደውንስ መቼ አየሁት?” አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር፤ እንዲህ ደክሟት ሲያያት ግን ተነሣ።

መሰላሉን አመጣ። ፍሬሙ ሲወርድ ግድግዳው ላይ አቧራ ያልነካው ነጭ አራት ማዕዘን ቀረ። ሳንቃውን ከኋላ በጉጠት አወጣው፤ ጫፉን በቢላ ሲሞክረው ወረቀቱ እየተሸረከተ መጣ።

“ተው፣ ተው” አለች ውባንች። “ሙጫውን በምን ነበር ያሟሟኸው?”

“በውሃ።”

“እንግዲያ በውሃ ነዋ።”

“ታደገስ?”

“ፎቶ እኮ መጀመሪያውኑ በውሃ ታጥቦ ነው የሚወጣው። ገዳሪፍ ፎቶ አንሺው ሲያጥበው ቆሞ አይቶ ነው የመጣ፤ ስንት ቀን አውርቶልኛል።”

ትልቁን ሳፋ ሞሉና ሳንቃውን ነከሩት። ወዲህና ወዲያ ተቀምጠው ጠበቁ። ደሞዝ ሁለት ጊዜ አሸለበ። ሦስተኛው ፎቶ መጀመሪያ ጫፉ ተነሣ፣ ቀጥሎም ሙሉውን ለቀቀ፤ ሁለተኛውም ተከተለ፤ ፊተኛው ግን ሙጫው ብዙ ነውና በጣት ተለመነ።

“እንዳትጥላቸው፣ የመንግሥት ንብረት ናቸው” አለች።

“ሠላሳ ዓመት የቆጠርኩትን አንቺ ልታስተምሪኝ?” እየተነጫነጨ ሦስቱንም በሦስት ወንበር ላይ አሰጣቸው።

ውባንች አየቻቸው። “ስብሰባ የተቀመጡ መሰሉ።”

ከዚያ ታደገ ከሳንቃው ለቆ ወጣ። አንደኛው ጆሮ በሙጫ ቢጫ ሆኖ ጠፍቷል፤ ሌላው ሁሉ አለ። ፀሐይ የበዛበት ይመስል አንድ ዓይኑን ጨፈን ያደረገ፣ ሪዝ ያለው ልጅ እግር።

ውባንች በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው።

“ሪዝ ነበረው እንዴ?” አለች።

ደሞዝ ቢሮ ሳይገባ በፊት ከታደገ ጋር አንድ ትራክተር ላይ የዋለ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ አየ። “እኔም ረስቼዋለሁ።”

“ይሄን ሁሉ ዓመት ሪዝ የሌለው ሰው ሳስብ ኖርኩ።” ውሃውን በነጠላዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችለት። “ልጅ ነው ደግሞ። ከሰርክአዲስ ያንሳል። አባትሽ ነው ብላት ታምነኛለች?”

“ዓይኗ እኮ የሱ ነው።”

“እሱስ ነው” አለች።

ደሞዝ ከመደርደሪያው አዲስ ማኅደር አውጥቶ ሰጣት። በሠላሳ ዓመት ያለ ፊርማ ያወጣው ንብረት እሱ ብቻ ነው።

“ፍሬሙስ?” አለ።

“ይቅርላችሁ። በር ተሸክሜ አውቶብስ ልሳፈር? ሌላ ሰው የመጣ ለትስ የማንን ልትለምን ነው?” በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። “ግን ደሞዝ፣ ሙጫ አትቀባ።”

መጋዘን ውስጥ የሦስተኛው ፎቶ ትርፍ ቅጂ ነበር። ደሞዝ በረጠበው ሳንቃ ፈንታ ካርቶን ቆርጦ፣ የቅጂውን አራት ጫፍ በአራት ስፒል አስያዘና በፍሬሙ ሰቀለው። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ኃላፊው አንዱዓለም መጣ፤ ቦርሳውን አስቀምጦ ቀና አለ።

“ጋሽ ደሞዝ፣ ፎቶው ጠርዙ አልተጠቀለለም?”

“ሙቀቱ ነው።”

“በፊት እንዲህ አይልም ነበር እኮ። ሙጫ ነገር ቢያደርጉበትስ?”

የሙጫው ጣሳ እስከ ግማሽ ድረስ ሞልቶ ከበሩ ኋላ ቆሟል።

“አልቋል” አለ ደሞዝ፣ መሰላሉን እያነሣ።