የናሷ ኳስ

ሞተሪኖው አሁንም ዞረ፣ አሁንም አቃሰተ፣ መኪናዋ ግን አልተነሳችም። ወርቅ ሠሪዋ የጀመረችውን ጉትቻ ከነወረንጦው ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወደ ግቢው ስትሮጥ የቤንዚን ሽታ በሩ ላይ ተቀበላት። ባሏ አረንጓዴዋ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ነዳጅ መስጫውን ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይረግጣል።

«ኧረ አንተ ሰውዬ! እሳት ልትለቅብን ነው?»

«ልትነሳ ነው፤ ትንሽ ነው የቀራት።»

«ተነስታስ? የት ልትሄድ?»

ነዳጅ መስጫውን ደግሞ ረገጠ። መልሱ ለእሷም አልጠፋትም። ትናንት የዓይን ሐኪሟ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ «ከዛሬ ጀምሮ መሪ እንዳይዙ፤ ለራስዎም ለሰውም ሲሉ» ብላዋለች። ዓይኑ ከመሃል እየጠፋ ነው። ዳር ዳሩን ያያል፤ ፊት ለፊት ያለው ነገር ግን ግራጫ ጭጋግ ሆኖበታል። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት ሚስቱ ሥራዋ ላይ እስክትቀመጥ ጠብቆ፣ ከረሜላ እንደሚሰርቅ ልጅ ኮቴውን አጥፍቶ ለመጨረሻ ጊዜ አንዲት ዙር ሊነዳ ወጣ።

ወርቅ ሠሪዋ ይህችን መኪና ጣውንቴ ነው የምትላት። ደግሞ ሲያንሳት ነው! ከሁለት ሰው በላይ አትይዝ፣ ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ ይታጠፋል፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ድሮ ለእሽቅድምድም የተሠራች ቅንጡ ናት። ባሏ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሬዲዮ ድምፅ ባለሙያ ነበር። ሚስቱ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ብትዞር የማያይ ሰው፣ የዚህችን መኪና ድምፅ ከሦስተኛ ሰፈር ይለያል። መሪዋንም ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ መኪና የሚያጥበው ልጅ ወንበሩን ወደ ፊት ስቦበት፣ ቀኑን ሙሉ ኩርፊያ በኩርፊያ ሆኖ ውሎ ነበር።

«ውረድ» አለችው።

ወረደ። ሲወርድ ጉልበቱን ከበሩ ጠርዝ ጋር አጋጨው። እንዳላየች ሆነች፤ ግን አንጀቷን በላት።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለ። «እስከ ድልድዩ ደርሼ እመለሳለሁ። መንገዱን በጨለማም አውቀዋለሁ።»

«መንገዱን ታውቀዋለህ። መንገዱ ላይ የሚሻገረውን ልጅስ?»

ሐሞቱ ፈሰሰ። የመኪናዋን ጎን በመዳፉ እየዳበሰ ቆመ።

«እሺ፣ ድምፅዋን ብቻ ልስማ። እንዲህ ታንቃ እንዳትቀር።»

«ድምፅዋን ብቻ?»

«ድምፅዋን ብቻ።»

ቁልፉን ግን በጡጫው ጨብጦ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ወርቅ ሠሪዋ ይህን ጡጫ ታውቀዋለች፤ አላመነችውም።

የሞተሩን ኮፈን ከፈቱ። እሳት ከሚጭሩት ካንዴላዎች አንዱን በዳበሳ ፈትቶ አወጣና ወደ ፊቷ ዘረጋላት።

«እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ?»

«እርጥብ። ጥቁር ሆኖ ርሷል።»

«ከልክ በላይ ጠጥታለች። እሳቱ ቤንዚን ውስጥ እየሰጠመ ነው። እኔ ነኝ፤ በእግሬ ብዛት አጥለቀለቅኳት።»

ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ጠርገው፣ አድርቀው መለሷቸው። ሽታው ከግቢው እስኪወጣ ኮፈኑን ከፍተው ጠበቁ። ከዚያ አየር እንዲገባላት ነዳጅ መስጫውን እስከ ጥግ ረግጦ የሚይዝ ሰው አስፈለገ። ባሏ እሱ ሞተሩን ሊያዳምጥ ስለፈለገ ቁልፉን እያመነታ ሰጣት። ወርቅ ሠሪዋ ገብታ ብትቀመጥ እግሯ አልደርስ አላት።

«ወንበሩን ልሳበው?»

«አትንኪው!» ብሎ ጮኸ፤ ወዲያው አፈረ። «ማለቴ… እንዲያው ጫፉ ላይ ተቀመጪ።»

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ በእግሯ ጣቶች ጫፍ ረገጠች። ቁልፉን አዞረች። መኪናዋ አሳላት፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ጥቂት አገሳችና ቀጥ አለች። ሚስትየው ልትናገር ስትል ባሏ እጁን አነሳ። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡሬተር አስጠጋ።

«ዝም በይ እስቲ… ይንጠባጠባል። ማንም ሳይረግጣት ቤንዚን እየገባ ነው። እግሬ አይደለም!»

የካርቡሬተሩን ክዳን ብሎን በብሎን ሲፈታ ዓይኑ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ጣቶቹ ግን አንዲት ብሎን አልጣሉም። ወርቅ ሠሪዋ ከጎኑ ቆማ አየች። እስከ ዛሬ የጣውንቷን ሆድ ዕቃ አይታ አታውቅም። ከፀጉር የማይወፍሩ ቀዳዳዎች፣ የስንዴ ቅንጣት የሚያህል መርፌ፣ በልኩ የተሞረደ ናስ። የሷ ጠረጴዛ ላይ ከሚውለው ሥራ የሚያንስ አይደለም። ይህን ሁሉ ዘመን በቅናት ስትነጫነጭ፣ እዚህ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥበብ መቀመጡን ማንም አልነገራትም። አፏን ከፍታ ቀረች።

ባሏ ከቤንዚኑ ማጠራቀሚያ ውስጥ አንዲት ባዶ የናስ ኳስ አወጣ።

«የውሃ ታንከራችን ላይ ያለውን ኳስ ታውቂ የለ? ውሃው ሲሞላ ከፍ ብሎ መግቢያውን የሚዘጋውን? ይቺም ሥራዋ እሱ ነው። ከሰጠመች ግን በሩን የሚዘጋ የለም።»

ኳሷን ጆሮው ሥር አድርጎ ነቀነቃት። ከዚያ የሚስቱን ፀጉር ገለጥ አድርጎ ወደ ጆሮዋ አስጠጋላት። አንዲት ቀጭን፣ የታፈነች ድምፅ ውስጧ ተንቦጫረቀች።

«ወይ ጉድ!» አለች። «ውስጧ ቤንዚን ገብቷል!»

«ስለዚህ ቀዳዳ አለ። ሙቅ ውሃ አምጪ። ውስጧ ያለው አየር ሲሞቅ በቀዳዳው ይወጣል።»

በሰፊ ሳህን ሙቅ ውሃ አመጣች፤ ለሥራዋ የምትጠቀምበትን ማጉያ መነጽርም አደረገች። ኳሷን በወረንጦ ይዛ ውሃው ውስጥ ደፈቀቻት። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ኋላ ከመገጣጠሚያው መስመር ላይ፣ ከምንም ተነስቶ፣ የአረፋ ክር ወደ ላይ ተመዘዘ። ቅንጣት ታህላለች አንዷ አረፋ፤ ተከትላ ሌላዋ። ይቺን የምታህል ቀዳዳ ያቺን የምታገሳ መኪና አንቃ ያዘቻት!

«አለ?» አለ ባሏ። ከሳህኑ በላይ አጎንብሷል፤ ዓይኑ ግን የሳህኑን ጠርዝ እንጂ መሃሉን አያይም።

አረፋዎቹ አንድ በአንድ ሲፈነዱ አየች። የለም ብትል እኮ በቃ። መኪናዋ እዚሁ ትቆማለች፣ ባሏም በሕይወት ይኖራል፣ የሰውም ልጅ አይነካም። አንዲት ቃል ናት።

«የለም እንዴ?» አለ፤ ድምፁ ወረደ። «እንግዲያው ያ የሰማሁት ምን ነበር? ዓይኔስ ሄደ። ጆሮዬም ይዋሸኝ ጀመር ማለት ነው?»

ቀና ብላ አየችው። ፊቱ የልጅ ፊት ሆኖባታል። ከዚህ ሰው ላይ ጆሮውንም መንጠቅ አልቻለችም።

«አለ» አለች። «መገጣጠሚያው ላይ። ልክ ነህ። ጆሮህ ምንም አልሆነም።»

«እሰይ!» ብሎ ቁጭ አለ።

ቤንዚኑ ከኳሷ ተኖ እስኪያልቅና እስክትደርቅ ፀሐይ ላይ አቆዩዋት። ከዚያ ወርቅ ሠሪዋ ጠረጴዛዋ ላይ ወሰደቻት።

«እንዳታከብጂያት» አለ ከኋላዋ ቆሞ። «ትንሽ እንኳ ከከበደች መንሳፈፏን ትተዋለች።»

«እኔን ነው ስለ ክብደት የምታስተምረው? ወግድ፣ ብርሃን አትከልክለኝ!»

በመበየጃ ካውያዋ ጫፍ የእርሳስ ቅንጣት አቅልጣ ቀዳዳው ላይ አሳረፈች። የተረፈውን በቀጭኑ ሞረድ አለሰለሰችው። መልሳ ሙቅ ውሃ ውስጥ ስትደፍቃት ውሃው ዝም አለ። ስትለቃት ኳሷ ብድግ ብላ ተንሳፈፈች። ወርቅ ሠሪዋ ለንግሥት ሐብል የሠራች ያህል ደስ አላት።

ሁሉም ወደየቦታው ተመለሰ። ቁልፉን የያዘችው እሷ ነበረች፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ አዞረችው። መኪናዋ አንዴ አሰበች፣ ከዚያ ተነሳች። ድምፅዋ ከመሬቱ ተነስቶ በወንበሩ አልፎ ወደ ወርቅ ሠሪዋ ደረት ገባ። ባሏ ሁለት መዳፉን ኮፈኑ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። እንባው ጢሙ ላይ ወርዷል፤ አልጠረገውም።

ቀስ ብሎ ወደ ሾፌሩ በር መጣ። ከፈተው።

«ውረጂልኝ» አላት።

ወረደች። ሁለት እርምጃ ሄዳ በመኪናዋና በግቢው በር መሃል ቆመች። ረግጦኝ ይሄዳል እንጂ አልነቃነቅም አለች በልቧ። ባሏ ግን አልተቀመጠም። ተንበርክኮ እጁን ከወንበሩ ሥር ላከ። የሆነ ብረት ሲላቀቅ ተሰማ። ዘመን ሙሉ ካልተነቃነቀበት ሐዲድ ላይ ወንበሩ እየተንፋቀቀ ወደ ፊት፣ ወደ መሪው ተጠጋ።

«ነይ» አለ ጉልበቱን እያራገፈ። «ማርሽ የምትቀይሪበትን ጊዜ መኪናዋ በድምፅዋ ለእኔ ትነግረኛለች፤ እኔ ለአንቺ እነግርሻለሁ።»

ወርቅ ሠሪዋ መጥታ ተቀመጠች። እግሯን ዘረጋች። ነዳጅ መስጫውን ነካ፤ ግን እስከ ጥግ ለመርገጥ ገና ትንሽ ይቀራል።

«አሁንም ራቀኝ» አለች።

ባሏ እንደገና ጎንበስ አለና ወንበሩን በሐዲዱ ላይ አንድ ጥርስ ወደ ፊት ሳበላት።