ቅዳሜና እሁድ ቀሪ

ጎረቤቴ ሲስተር ሊሻን ማስተርሷን ልትማር እንደሆነ የነገረችኝ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። እኔ ደጃፌ ላይ ለኩርኩፋ፣ ከበቆሎ ዱቄት ጋር ለሚቀቀለው ምግባችን፣ የሚሆን የሀለኮ ቅጠል እየቀነጠብኩ ነበር። እሷ የኔኑ ሰሌን ዘርግታ፣ የብስኩት ካርቶን በመቀስ ቆራርጣ፣ በየቁራጩ የአንድ የአንድ ትምህርት ስም ጽፋ መደርደር ያዘች። ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ደብተር አልገዛሁም፤ ቢሆንም ጎረቤት ምክር ሲፈልግ እምቢ ማለት አይሆንልኝም።

"ይሄ ባዮስታቲስቲክስ የሚሉት በሽታው ነው መድኃኒቱ?" አልኳት።

"በሽታው ነው" አለችኝ ቀና ሳትል።

ትምህርቱ ለሠራተኛ ተብሎ ቅዳሜና እሁድ የሚሰጥ ነው፤ ሁለት ዓመት ይፈጃል። እንዳስረዳችኝ ከሆነ ኮርስ ማለት እንደ ሙዝ ከዘለላው ላይ ደስ ያለሽን ቆርጠሽ የምትበይው ነገር አይደለም። አንዱ በአንዱ ጀርባ ላይ የታዘለ ነው። ስሌቱን ያላለፈ የምርምር ዘዴውን አይወስድም፤ የምርምር ዘዴውን ያልወሰደ የመመረቂያ ጽሑፉን አይጀምርም። ደግሞ እያንዳንዱ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ያመለጠው ሰው እንደ ጥምቀት ዓመት ይጠብቃል። የተግባር ልምምዱን በሁለተኛው ዓመት እዚያው በምትሠራበት ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ታደርገዋለች። ይህን ሁሉ ቁራጮቹን ወዲያና ወዲህ እያዟዟረች አሳየችኝ። መሐል ላይ ዶሮዬ መጥታ ፋርማኮሎጂ ላይ ኩሷን ጣለችበት። ሊሻን በቅጠል ጠርጋ ወደ ቦታው መለሰችው። ያን ጊዜ ነው ይቺ ሴት የምሯን ነው ያልኩት።

ሥራ አለሽ፣ ሰው ሲስተር ብሎ ያከብርሻል፣ ምን ጎደለብሽ አልኳት።

"ሥራ የማሳየው ልጅ ሁሉ በዓመቱ አለቃዬ ሆኖ ይመጣል፣ እትዬ አበቡ። ሰለቸኝ።"

ዩኒቨርሲቲው ተቀበላት። ያልተቀበላት የኛ የሴቶች እድር ነው።

የእድራችን ሕግ አጭር ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ አባል ሁሉ በተራዋ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ድስት ታጥባለች፣ ለቀስተኛ ታስተናግዳለች። በቅጣት የሚካካስ አይደለም፤ የሚፈለገው እጅ ነው። ደጋግማ የቀረች ትሰረዛለች፤ የተሰረዘች ደግሞ ቤቷ ሞት ሲገባ ድንኳን አይመጣላትም። ሞት በማንኛውም ቀን ይመጣል፤ ሕዝቡ ግን ከጨንቻም ከካምባም የሚጎርፈው ቅዳሜና እሁድ ነው። እጅ የሚታጣው ያን ጊዜ ነው። ሊሻን ደግሞ የምትኖረው ከእናቷ ከእማማ ልክነሽ ጋር ነው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከጨንቻ ብርድ ወርደው የአርባ ምንጭን ሙቀት ጠዋትና ማታ የሚረግሙ ሴት ናቸው። ሁላችንም ያሰብነው ስለ እሳቸው ነበር፤ ማንም አፍ አውጥቶ ግን አልተናገረም።

ሰብሳቢያችን እትዬ ሮማነወርቅ ናቸው። በባላቸው ሹመት ከጎጃም የመጡ፣ አስተምረው ጡረታ የወጡ። ባላቸው ሲሞቱ ከአገር ቤት አንድ ዘመድ ሳይደርስ አልቅሶ ያነሳላቸው ይሄው እድር ነው፤ ስለዚህ እድሩ ለእሳቸው ሥጋ ዘመድ ነው። ክፋት የለባቸውም። ስም ሲጠሩ ግን እኔ፣ ልጅ ድሬ የጨረስኩት ሴትዮ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጄን አወጣለሁ።

ሊሻን ተደብቃ ከመቅረት ብላ ጉዳዩን ራሷ ለስብሰባ አቀረበች። እትዬ ሮማነወርቅ አስበውበት መጥተዋል። ቅዳሜን ተማሪ፣ እሁድን ለእኛ ስጪን፤ ግማሽ ግማሹን ውሰጂና በሁለት ዓመት የሚያልቀው በአራት ይለቅ፤ ዕውቀት እንደ ወተት አይጎመዝዝም አሉ። ስብሰባው እፎይ አለ። አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። እኔም ወደ ሊሻን ጠጋ ብዬ፣ በይ ተቀበያቸው አልኳት። ሽሮፕ ተፍቶ ቀሚሷን ያበላሸ ሕፃን የምታይ ይመስል አየችኝና ብድግ አለች።

"እሁድ የሚሰጠውን ከተውኩ ከሱ ላይ የሚነሳው ሁሉ ይዘጋብኛል" አለች። "እትዬ ሮማነወርቅ፣ ትንሽ ቆዪ የሚለውን እኔ ለምጄዋለሁ። ወንድሜ ይማር፣ አንቺ ቆዪ አሉኝ፤ ቆየሁ። አባቴ ታሞ ነበር፣ ቆዪ አሉኝ፤ ቆየሁ። አሁን መቆያዬ አልቋል። ካወጣሁት ዕቅድ አንዲት ኮርስ አልቀንስም። የሚያሰርዝ ከሆነ ሰርዙኝ።"

እኔ መርዳቴ መስሎኝ አላስቻለኝም። ከተሰረዘች ነገ ግፊታችንን ማን ሊለካልን ነው ብዬ ጣልቃ ገባሁ። እውነትም ከዚያ ስብሰባ ውስጥ የሊሻን መርፌ ያላገኘው ታፋ አልነበረም።

"እሱን አያምጡ፣ እትዬ አበቡ" አለችኝ። "መርፌዬን መያዣ አላደርግም። ብትሰርዙኝም ሲያማችሁ ጥሩኝ፤ እመጣለሁ።"

ነጠላዬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

እትዬ ሮማነወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። "እናትሽንስ?" አሉ ቀስ ብለው። "እናትሽን ማን ሊያነሳልሽ ነው?"

ይሄን ጊዜ ከኋላ ወንበር እማማ ልክነሽ በምርኩዛቸው ተነሱ። የደጋው ጋሞኛ ነው የእሳቸው ቋንቋ፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት ብዙም አይለይም።

"ልጄ እስኪጨርስ እኔ አልሞትም" አሉ። "ከጨረሰ በኋላ ደግሞ ጨንቻ ሰው አለኝ። የጨንቻ ሰው እጅ የለውም ያላችሁ ማነው?"

ሴቱ ሁሉ በነጠላው አፉን ሸፈነ። እትዬ ሮማነወርቅም ከሳቃቸው ጋር ሲታገሉ አይቻለሁ። ግን ሳቅ ድምፅ ሆኖ አይቆጠርም። ትሰረዝ የሚል ሲባል እጅ በእጅ ላይ ተነሳ፤ እኔና ጥቂት ሴቶች ብቻ እጃችንን ጉያችን ውስጥ አስቀረን። ሊሻን እግዜር ይስጥልኝ ብላ እናቷን ደግፋ ወጣች። በማግስቱ ማለዳ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ ትሰረዝ ብላ እጇን ያወጣች አንዲት ሴት ልጇን አዝላ የሊሻንን አጥር ስታንኳኳ ሰማሁ። ተከፈተላት።

ትምህርት በተጀመረ ሰሞን ደግሞ አናጢው አቶ በርናባስ አረፉ። ድንኳኑ የተተከለው ሊሻን ባጃጅ ለመያዝ ወደ አስፋልቱ በምትወጣበት መንገድ ላይ ነው። ዓርብ ማታ በአጥሩ በኩል ጠርቻት፣ ነገ ጠዋት በጓሮ፣ በሙዙ ተክል በኩል ሾልከሽ ውጪ፤ ዓይን ውስጥ አትግቢ ብዬ መከርኳት።

"ምን ሰርቄ?" አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እኛ ከድንኳኑ ጎን ሽንኩርት እየላጥን ሳለ መጣች። ጸጉሯን ተሠርታለች፤ ቦርሳ በትከሻዋ፣ ነጠላዋ ተዘቅዝቋል። ቀጥ ብላ ድንኳን ገባች። ከሟቹ ባለቤት ጎን ተቀምጣ፣ እግዜር ያጥናሽ ብላ፣ ከእሷ ጋር ትንሽ አልቅሳ ተነሳች። ስትወጣ ቢላዎቹ ሁሉ ቆሙ።

"ወዴት ነው?" አሉ እትዬ ሮማነወርቅ።

"ክፍል አለኝ።"

"ለቅሶ ጥለሽ?"

"አዎ፣ ጥዬ ነው" አለች። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። "የዚህን ሥራ እናንተ ትሠሩታላችሁ። የዚያን ትምህርት ግን ማንም አይማርልኝም።"

ሄደች። ከፊት ያየ ሰው ደፋር ይላታል፤ እኔ ግን ከኋላዋ ስለነበርኩ አረማመዷን አየሁ። አንድ እግሯ ከጫማዋ ሾለከ፤ ጎንበስ ብላ አስተካከለችው፤ እንደገና ሾለከ። እኔም ምን እንዳስነሳኝ እንጃ፣ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ተነሳሁና ደርሼባት ቦርሳዋን ተቀበልኳት።

"አበቡ፣ ተራሽ ነው" አሉ እትዬ ሮማነወርቅ ከኋላዬ።

"አውቃለሁ፣ እትዬ።"

"ቀሪ ብዬ እጽፍሻለሁ።"

"ይጻፉኝ" አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ መልስ ሰጥቼ አላውቅም፤ ለባለቤቴ እንኳን።

እስከ አስፋልቱ ድረስ አብረን ሄድን። ሊሻን በእኔ የተነሳ እርስዎም እንዳይሰረዙ እያለች ስትጨነቅ፣ ሁለት ከሆንን የተሰራዦች እድር እናቋቁማለን፤ ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ፣ አንቺ ገንዘብ ያዥ አልኳት። እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ባጃጅ ቆመላት። ቦርሳውን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላትና፣ በይ አሁን ደግሞ ያንን በሽታ ሄደሽ አክሚው አልኳት። ባጃጇ አቧራውን አስነስታ ሄደች።

ስመለስ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ሮማነወርቅ ሳያዩኝ አንድ ቅርጫት ሽንኩርት በእግራቸው ገፋ አድርገው አመጡልኝ። ቅድም ትቼው የሄድኩት የዚህን ሩብ አይሆንም።

"ይሄ ሁሉ የኔ ተራ ነው?" አልኳቸው።

"የሊሻንም አለበት" አሉና ፊታቸውን ወደ ድስቱ አዞሩ።

የሊሻን ተራ በእኔ እጅ ከተቆጠረ ለእማማ ልክነሽ ድንኳን አይቀርም ማለታቸው ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሰው በሞተ ቁጥር፣ የሁለት ሰው ሽንኩርት ልልጥ መሆኑ ገባኝ። እሺ፤ ልላጠው። ቢላዬን አነሳሁ።