የታቢታ ወተት

ወተቱ አይደለም አለኝ፣ ወተቱ አይደለም፣ ከመስቀል ጀምሮ ወተት የሚባል ነገር ስሸሽ ከርሜ የኩላሊት ጠጠሩ ተመልሶ መጥቶ፣ ይኸው ጎኔን ይዤ ስገላበጥ አደርኩ፣ ዶክተሩ ትናንት እንደ ዋዛ፣ ጋሽ ገብረየስ፣ ወተት ተዉ ያለዎት ማነው? ማንም። እኔው ነኝ። የመጀመሪያው ጠጠር ካልሲየም ነው ሲሉኝ፣ ካልሲየም ደግሞ ወተት ውስጥ ነው፣ ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩት ነው፣ በቃ፣ አለቀ ደቀቀ፣ የሳይንስ መምህር አይደለሁ!

ያኔ በማግስቱ ታቢታ እንደ ወትሮዋ ወተቷን ይዛ ስታንኳኳ፣ ከእንግዲህ አታምጪ፣ ምን አጠፋሁ ጋሼ፣ ውሃ ትጨምራለች ብለው አሙኝ? ኧረ ልጄ፣ ወተትሽ ሆዴ ገብቶ ድንጋይ ሆነብኝ፣ ብዬ ሳቅሁ፣ የኔ ነገር፣ እሷ አልሳቀችም። ቅሏን አንስታ ሄደች።

ባለቤቴ ሸዋዬ ካረፈች ወዲህ ይህን በር የሚያንኳኳው ማን ነበር? የቀበሌው ሰው፣ ጓድ ገብረየስ፣ እሁድ ከስብሰባ እንዳይቀሩ፣ ብሎ እብስ። እና ታቢታ። ታቢታ ቆም ብላ ታየኝ ነበር፣ አደሩ ጋሼ፣ ፊትዎ ገርጥቷል፣ እህል ቀምሰዋል?

በወተቱ ፋንታ ምን ይበሉ ነበር፣ አለ ዶክተሩ። ቆስጣ። ጓሮ ሞልቷል፣ ጠዋት ቆስጣ ማታ ቆስጣ፣ ጨው ነስነስ አድርጎ፣ ለአንድ ሰው ማን ወጥ ይሠራል፣ ውሃውንም እረሳዋለሁ፣ በዚህ የሀዋሳ ሙቀት፣ ጠጣ የሚለኝ ሰው የለ። ራሱን ነቀነቀ። ቆስጣ ውስጥ ኦክሳሌት የሚሉት ነገር አለ፣ ወተት ከምግብ ጋር ሲጠጡ ካልሲየሙ እዚያው አንጀት ውስጥ ይይዘውና ይዞት ይወጣል፣ የሚይዘው ሲያጣ ነው ኩላሊት ደርሶ የሚጠጥረው፣ ጨው ይቀንሱ፣ ውሃ ያብዙ፣ ወተትዎን ይጠጡ። የሚይዘው ሲያጣ። እሺ ዶክተር፣ ገባኝ።

እሷ ናት። ኮቴዋን አውቀዋለሁ፣ ከጎረቤቴ ከሙሉጌጥ ቤት ወጥታ በየጠዋቱ በሬን እንዳላየች ታልፋለች፣ ተነስ አንተ ሽማግሌ፣ ወይኔ ጎኔን፣ ምን ልበላት፣ ሐኪም አዞኝ ነው ልበላት? ውሸታም፣ ሐኪም ባያዝስ? ቀስ፣ መወርወሪያው የት አለ፣ ታቢታ!

ትቆማለች። ዞር ትላለች። ወተቱ አልቋል ጋሼ፣ ትላለች፣ ከዚያ ዓይኗ ፊቴ ላይ ይቀራል፣ ውይ፣ ምን ሆነው ነው እንዲህ የከሱት?

ይለቅ፣ እላታለሁ በሩን ተደግፌ፣ ወተቱ ይለቅ ልጄ፣ እስቲ አሁን ያልሽውን ድገሚልኝ።